ፖሊስን ማደናቀፍ፦ የክሱ ምርመራ ከማን ድርጊት ይጀምራል?

በሐዋሳ ከተማ በሕግ አስከባሪና በነዋሪ መካከል የሚነሣ ግጭት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከከባድ ወንጀል አይደለም። ባጃጅ ያለቦታው ቆሞ ይገኛል፤ አንዲት እናት አቮካዶና ሙዝ በእግረኛ መንገድ ላይ ትዘረጋለች፤ አመሻሽ ላይ መታወቂያ የተጠየቀ ወጣት «ለምን?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እጅ ለእጅ መያያዝ ይመጣል። ጉዳዩ ጣቢያ ሲደርስ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ያለቦታው መቆም ወይም መንገድ መዝጋት አይደለም፤ «የፖሊስን ሥራ ማደናቀፍ» ወይም «በሥራ ላይ ባለ ፖሊስ ላይ ጥቃት ማድረስ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ከመዝገቡ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይጻፍ ይቀራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕግ አስከባሪን ማደናቀፍ ወይም ማጥቃት ወንጀል የሚሆነው መኮንኑ ሕግ የሰጠውን ሥራ እየሠራ ስለነበር ነው። ስለዚህ መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉም ሆነ ዳኛው አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው ተጠርጣሪው ምን እንዳደረገ አይደለም። መኮንኑ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደነበርና ያንን የማድረግ ሥልጣን ከየት እንዳገኘ ነው መቅደም ያለበት። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ተራ ጭቅጭቅ ሁሉ ወንጀል ይሆናል፤ በእውነት የተደበደበ የፖሊስ አባል መዝገብም ከብዙ ደካማ መዝገቦች መካከል ገብቶ ክብደቱን ያጣል።

ሕጉ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ሌላ ሰው በመንግሥት ሥራ ላይ የሚፈጽማቸውን ወንጀሎች በተለየ ክፍል ደንግጓል። አንድን የመንግሥት ሠራተኛ በኃይል ወይም በዛቻ ሥራውን እንዳያከናውን መከልከል፣ ወይም ማድረግ የማይገባውን እንዲያደርግ ማስገደድ ያስቀጣል። ሥራውን በማከናወን ላይ ሳለ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት ጥቃት ማድረስም እንዲሁ። ድርጊቱ በቡድን ወይም በጦር መሣሪያ ሲፈጸም ቅጣቱ ይከብዳል። ቅጣቱ ከቀላል እሥራት ወደ ጽኑ እሥራት ሲሸጋገር ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ቀላል እሥራት በመርሕ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን ጽኑ እሥራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ይደርሳል።

እነዚህ ድንጋጌዎች የሚጠብቁት የሥራውን ክብርና መፈጸም እንጂ የሠራተኛውን ግለሰባዊ ኩራት አይደለም። ከሥራ ወጥቶ፣ ሲቪል ለብሶ፣ በግል የገንዘብ ጉዳይ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ የፖሊስ አባል ቢመታ፣ ጉዳዩ እንደማንኛውም ዜጋ ድብደባ ይታያል። በአንጻሩ ዛሬ ዕረፍት ላይ ያለን መኮንን «ትናንት ወንድሜን ያሰርከው አንተ ነህ» ብሎ በሐይቅ ዳር መንገድ ላይ የደበደበ ሰው፣ ተደብዳቢው የደንብ ልብስ አልለበሰም ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፤ ምክንያቱም ጥቃቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። ደንብ ልብሱ ማስረጃ ይሆናል እንጂ የወንጀሉ ፍሬ ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚከተል፣ በሐዋሳ በተለይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በአካባቢያችን ሽምግልና ሕያው ነው፤ የሲዳማ አባቶች በአፊኒ ሥርዓት ነገርን አብጠርጥረው አይተው ደም እንኳ ያደርቃሉ። ስለዚህ ፖሊስ የመታ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚያስቡት ሽማግሌ መላክን ነው። መኮንኑ በቅንነት ይቅር ሊል ይችላል፤ ይቅርታውም ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ወንጀሉ የተፈጸመው በግሉ ላይ ሳይሆን በሥራው ላይ ስለሆነ ክሱን የማቋረጥ ሥልጣን በእጁ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 እና 78 ለባህላዊና ለሃይማኖታዊ ፍርድ በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ ነው። የእርቁ ትክክለኛ ቦታ ቅጣት በሚወሰንበት ጊዜ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት እውነተኛ ጸጸትና የተበደለን መካስ ቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ናቸው። እርቁን ለዳኛው በጽሑፍ ማቅረብ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ «ታርቀናል» ብሎ ከቀጠሮ መቅረት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

እምቢ ማለት፣ ማደናቀፍ፣ ማጥቃት

በጣቢያ ቋንቋ ሦስቱ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። በሕግ ዓይን ግን የተለያዩ ናቸው፤ በመጀመሪያው ዓይነት ድርጊት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ መብት የሆነ ብዙ ነገር አለ።

የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 1 ያዝዛል፤ ንዑስ አንቀጽ 2 ላለመናገር መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ «ለምን ትይዘኛለህ?» ብሎ መጠየቅ መኮንኑ አስቀድሞ ሊፈጽም የሚገባውን ግዴታ ማስታወስ ነው። ቃል አለመስጠትም ምርመራን ማደናቀፍ ሊባል አይችልም፤ ሕገ መንግሥት የሰጠውን መብት መጠቀም በወንጀል ሕግ ሊቀጣ አይገባም። ሕጋዊ ትእዛዝን ያለመፈጸም ጉዳይ በደንብ መተላለፍ ደረጃ የሚታይበት ሁኔታ ቢኖርም፣ ያ ራሱን የቻለ ቀላል ጉዳይ ነው፤ በኃይል ከመከላከል ጋር በአንድ ቋት ሊገባ አይችልም።

በስልክ መቅረጽም በዚሁ ሊታይ የሚገባ ነው። ዛሬ በፒያሳም ሆነ በመናኸሪያ አካባቢ ግርግር ሲነሣ ቢያንስ አንድ ስልክ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀራጩም ብዙ ጊዜ አብሮ ተይዞ ይሄዳል። ርቀቱን ጠብቆ የሚቀርጽ ሰው ኃይል አልተጠቀመም፣ አልዛተም፣ መኮንኑንም ከሥራው አላገደም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል አዲስ ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ ፍርድ ቤት የተከለከለውን ደግሞ አንድ ሻምበል በመንገድ ላይ ሊያደርገው አይችልም። ስልኩን ከተያዘው ሰውና ከመኮንኑ መካከል ያስገባ፣ መንገድ የዘጋ፣ ወይም ሰው «ንጠቁት!» እያለ ያነሣሣ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሚመረመረው ከመቅረጹ ጋር አብሮ የተፈጸመው ተግባር ነው።

ማደናቀፍ የሚባለው ነገር ድንበሩ የሚፈተነው በጥቃቅን እንቅስቃሴዎች ላይ ነው። አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። ወደ አቶቴ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማውረድ ያለቦታው ይቆማል። ትራፊክ ፖሊሱ ይመጣና ምንም ሳይናገር እጁን በመሪው ሥር አስገብቶ ቁልፉን ሊነቅል ይሞክራል። ሾፌሩ በድንጋጤ የመኮንኑን እጅ ከቁልፉ ጋር አጥብቆ ይይዛል። መኮንኑ ይስባል፣ ሾፌሩ አይለቅም፤ በመካከል የመኮንኑ ጣት በቁልፉ ጥርስ ይጫራል፣ ጥቂት ደምም ይታያል። ከዚያ የሚቀጥለው ጣቢያ ነው። መዝገቡ ላይ «እጁን በመያዝና በማቁሰል» ተብሎ ይጻፋል፤ ቃል በቃል ስንሄድ ሐሰት አይደለም።

ነገር ግን ፍትሕ የሚሰጠው በዚህ ድርጊት ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ተራ በተራ በማንሣት ነው። መኮንኑ ጥፋቱን ለሾፌሩ ነግሮታል? መንጃ ፈቃድ ጠይቋል? ቁልፍ መንቀል በተሰጠው ሥልጣን ውስጥ ነው ወይስ በልማድ የመጣ ነው? ሾፌሩ እጁን የያዘው ጉዳት ለማድረስ አስቦ ነው ወይስ ንብረቱን እንዳይወሰድበት በደመ ነፍስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ወንጀል እንዲኖር ሕጋዊ፣ ግዙፋዊ (የተፈጸመው ድርጊት) እና ሞራላዊ (የአድራጊው ሐሳብ) ፍሬ ነገሮች ተሟልተው መገኘት አለባቸው ይላል፤ አንቀጽ 58 ደግሞ አስቦ ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉማል። የጣት ጭረት ግዙፋዊው ፍሬ ነገር ብቻ ነው፤ ጭረቱ ብቻውን የሰውየውን ሐሳብ አያስረዳም። ያው ሾፌር እጁን ነጥቆ መኮንኑን በቡጢ ቢመታ ግን መልሱ ግልጽ ነበር፤ የቁልፉ መነቀል ሥነ ሥርዓት የጎደለው ቢሆን እንኳ ቡጢ መልስ አይሆንም።

ሥልጣኑ ከየት ይመጣል?

ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ ረገድ ከሚገመተው በላይ ግልጽ ነው። ሰው የሚያዘው በመርሕ ደረጃ በፍርድ ቤት ማዘዣ ሲሆን፣ በአንቀጽ 56 መሠረት ያዡ የሚይዘውን ሰው ማንነት አስቀድሞ ያረጋግጣል፣ ማዘዣውን ያነብለታል፣ ያሳየዋልም። ሰውየው በቃሉ ወይም በሁኔታው እጁን ካልሰጠ ሰውነቱን ነክቶ ይይዘዋል፤ በኃይል ከተቃወመ ወይም ሊያመልጥ ከሞከረ መኮንኑ ለሁኔታው ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ ሁሉ ሊጠቀም ይችላል። ኃይል የሚፈቀደው ከተቃውሞው በኋላና በተቃውሞው ልክ ነው፤ ተቃውሞው ሲያበቃ ኃይሉም ማብቃት አለበት። ይህ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 እ.ኤ.አ. ካጸደቀው የሕግ አስከባሪ ባለሥልጣናት የሥነ ምግባር ደንብ ጋር አንድ ነው፤ ያም ደንብ ኃይልን በጥብቅ አስፈላጊ በሆነ ጊዜና ለሥራው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይፈቅዳል።

ያለ ማዘዣ የሚያዝባቸው ሁኔታዎችም አሉ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው አንዱ ነው። አንቀጽ 51 ደግሞ የራሱ ዝርዝር አለው፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ፖሊስን የሚያደናቅፍ ሰው ይገኛል። ይህ ድንጋጌ ለሥራው አስፈላጊ ነው፤ ፖሊስ እያደናቀፈው ያለን ሰው ትቶ ማዘዣ ሊያመጣ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ አይችልም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት መደናቀፍ መኖሩን የሚወስነው ራሱ ተደናቀፍኩ ያለው መኮንን መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። በሌላ በየትኛውም የተለመደ ወንጀል ተበዳይ፣ ምስክርና ያዥ አንድ ሰው ሆነው አይገኙም። ስለዚህ የዳኛው ቁጥጥር በዚህ ወንጀል ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥኖ ሊደርስና ጠለቅ ብሎ ሊገባ ይገባዋል።

ቤት መግባትን በተመለከተም ብዙዎች የማያውቁት የሰዓት ገደብ አለ። በአንቀጽ 33 መሠረት ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሸሽቶ የሚገባን ተጠርጣሪ እየተከታተሉ መግባትን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች በአንቀጽ 32 ተፈቅደዋል። ከእነዚህ ውጭ በሌሊት በሩን የሚያንኳኳን ሰው «ማዘዣ አሳየኝ» ብሎ በሩን ሳይከፍት የቆየ አባወራ፣ ጠዋት ላይ በማደናቀፍ ሊከሰስ አይገባም።

ሕገ ወጥ አያያዝን በጉልበት መቋቋም ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በየካፌው ይነሣል። በዚህ ላይ የምጽፈውን በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ አንባቢያንን እለምናለሁ፤ አጉል ተረድቶት የሚጎዳ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁና። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሲሆን፣ እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም ሲል፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ ሳይችል ሲቀርና የመከላከሉ ድርጊት ከአስፈላጊነቱ ያላለፈ ሲሆን ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በዱላ ሕይወትን የሚያሰጋ ድብደባ እያደረሰ ከሆነ የመኮንኑ ማዕረግ ድብደባውን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ራስን መከላከልም ይቻላል። ነገር ግን መኮንኑ ያለ በቂ ምክንያት እጅ ይዞ ወደ ጣቢያ ሲወስድ «በሌላ መንገድ ሊወገድ አይችልም» የሚለው መስፈርት አይሟላም፤ ፍርድ ቤት አለ፣ አቤቱታ አለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት አለ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ በአፍ ተቃወሙ፣ በእጅ ግን አትታገሉ። መብትን በመንገድ ላይ በጉልበት ለማስከበር የሞከረ ሰው መብቱን ሳያስከብር አዲስ ክስ ይዞ ይመለሳል።

ሲቪል ለብሶ መታወቂያ ሳያሳይ ሰው የሚይዝ መኮንን ደግሞ የተለየ ጣጣ ያመጣል። ምሽት ላይ ከኋላ የተያዘ ሰው ሌባ ነው ብሎ ቢታገል፣ አንቀጽ 80 በፍሬ ነገር ስሕተት ስለሚደረግ ድርጊት የሚለው አለ፤ ሰውየው የሚዳኘው እንደተረዳው ሁኔታ ነው። ስሕተቱ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። «ፖሊስ ነኝ» ተብሎ መታወቂያ ከታየው በኋላ መታገሉን የቀጠለ ሰው በዚህ አይጠቀምም።

የደንብ አስከባሪው ጉዳይ

በከተማችን ከጎዳና ነጋዴ ጋር ዘወትር የሚገናኘው ፖሊስ ሳይሆን ደንብ አስከባሪ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛን ስለሆነ፣ በቋሚነትም ሆነ በጊዜያዊነት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የተሰጠውን ሥራ የሚሠራ ደንብ አስከባሪ ከጥበቃው ውጭ አይሆንም። እርሱን በሚዛን ድንጋይ የመታ ነጋዴ «ፖሊስ አይደለም» ብሎ መከላከል አይችልም። ሥልጣኑ ግን የፖሊስን ያህል አይደለም፤ ከተማው ያወጣው ደንብ እስከሰጠው ድረስ ብቻ ነው። ዕቃ የሚይዝ ከሆነ የያዘውን ቆጥሮ ደረሰኝ መስጠት፣ የት እንደሚወሰድና እንዴት እንደሚመለስ መናገር አለበት።

አንዲት ነጋዴ ሙሉ የዕለት ካፒታሏ የሆነውን የአቮካዶ ሳፋ ያለ ደረሰኝ ሲወሰድባት የሳፋውን ጆሮ ይዛ ብትጎተት፣ እኔ በበኩሌ ይህን በመንግሥት ሥራ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ብዬ ለመጥራት አልደፍርም። ሥራው ራሱ በሥርዓት አልተሠራምና። ደረሰኝ የተሰጣትና የት እንደምትጠይቅ የተነገራት ነጋዴ ሳፋዋን በጉልበት ብትነጥቅ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት፤ ለከተማ አስተዳደሩ ደረሰኝ ማሳተም ክስ ከማቋቋም በእጅጉ ይረክሳል።

የቋንቋው ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ በመንገዷ ላይ ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና ሌሎችም ይነገራሉ። ከገጠር ትናንት የገባ የቀን ሠራተኛ በማይሰማው ቋንቋ «ቁም!» ተብሎ ሳይቆም ቢቀር ትእዛዝ አልፈጸመም ለማለት ትእዛዙን መረዳቱን ማስረዳት ያስፈልጋል። «በሚገባው ቋንቋ» የሚለው የሕገ መንግሥቱ ሐረግ ለእኛ ከተማ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ መዝገቡም ቃሉ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ ሊጽፍ ይገባል።

ሊስትሮ የሚሠሩና ማስቲካ የሚያዞሩ ልጆችን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ ልበል። ዕድሜያቸው 9 ዓመት ያልሞላቸው በወንጀል አይጠየቁም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ለአዋቂዎች በተደነገገው ቅጣት አይቀጡም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 እንደነዚህ ያለ ልጅ ሲያዝ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። «ፖሊስ ተሳደበ» ተብሎ ከአዋቂዎች ጋር የሚያድር የ12 ዓመት ልጅ ሊኖር አይገባም።

ጉዳት ሲደርስ

መኮንኑ ከተጎዳ፣ ከማደናቀፉ ሌላ በአካል ላይ የሚደርስ ጉዳት ድንጋጌዎች ይመጣሉ። ከባድ ጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስከትል ይችላል፤ ቀላሉ በአንቀጽ 556 ይታያል። በዚህ ላይ አንቀጽ 84 በሥራ ላይ ያለን የመንግሥት ሠራተኛ ማጥቃትን ከጠቅላላ ቅጣት ማክበጃ ምክንያቶች መካከል ይቆጥረዋል። ይህ ትክክል ነው። ሌሊት በፓትሮል ሲዞር የሚያድር፣ ስለታም የያዘ ሰው ፊት በአነስተኛ ደመወዝ የሚቆም መኮንን ሕጉ በተለየ ዓይን ቢያየው ይገባዋል፤ ቤት የሚጠብቁት ልጆች አሉት፣ የሚቆመውም እኛን ወክሎ ነው።

በአተገባበሩ ግን አንድ ሥጋት አለ። አንቀጽ 84 ራሱ፣ አንድ ሁኔታ በልዩ ድንጋጌ የወንጀሉ ማቋቋሚያ ወይም ማክበጃ ሆኖ ከተወሰደ በኋላ ዳግመኛ ቅጣት ለማክበድ እንዳይውል ይከለክላል። ተከሳሹ «በመንግሥት ሠራተኛ ላይ ጥቃት አድርሷል» ተብሎ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቅጣት ሲወሰን ደግሞ «ተበዳዩ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ» ቅጣቱ ይክበድ ማለት አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ተከላካይ ጠበቆች ይህን የቅጣት አስተያየት ሲያቀርቡ በግልጽ ሊያነሡት ይገባል። በሌላ በኩል መኮንኑ ክብር የሚነካ ስድብ ተናግሮ ወይም አስቀድሞ በጥፊ መትቶ ከሆነ አንቀጽ 82 ከባድ መነሣሣትን ለማቅለያነት ይቀበላል።

ማስረጃውንስ ማን ይሰበስባል? የተበደለው ፖሊስ ነው፤ የሚመሰክሩት ጓደኞቹ ናቸው፤ የሚመረምረውም በዚያው ጣቢያ ያለ ባልደረባው ነው። እነዚህ ሰዎች ይዋሻሉ እያልኩ አይደለም። ሰው ግን የጓደኛውን ደም አይቶ ጉዳዩን በገለልተኛ ዓይን ሊመዝን አይችልም፤ ይህን ከማንም መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢያንስ ግጭቱ ባልተፈጠረበት ጣቢያ ባለ መርማሪ ቢጣራ፣ የሐኪም ማስረጃ ለመኮንኑ ብቻ ሳይሆን ለተያዘውም ሰው በዚያው ቀን ቢወሰድ፣ ከፖሊስ ውጭ ያለ ቢያንስ አንድ ምስክር ቢፈለግ መዝገቡ ይጠነክራል እንጂ አይዳከምም። በፒያሳ በጠራራ ፀሐይ በተፈጠረ ግጭት ላይ አንድም የሱቅ ባለቤት፣ አንድም ተሳፋሪ በምስክርነት ያልተቆጠረበት መዝገብ ሲቀርብ ዐቃቤ ሕግ «ሌላ ሰው አልነበረም?» ብሎ ወደ መርማሪው ሊመልሰው ይገባል።

48ቱ ሰዓትና ዋስትናው

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ከዚህ ውስጥ የሚቀንሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደውን የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድን አይቀንስም። በሐዋሳ ከየትኛውም ክፍለ ከተማ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ በባጃጅ የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ የጉዞ ሰበብ እዚህ ብዙም አይሠራም። ዓርብ ማታ ተይዞ ማክሰኞ የሚቀርብ ሰው ካለ መብቱ ተጥሷል፤ ቤተሰቡም የቀረበበትን ቀንና ሰዓት ጽፎ መያዝ አለበት። ያልቀረበ እንደሆነ አካልን ነጻ ለማውጣት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል።

ከዚያም በፊት ቢሆን፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ወንጀሉ በጽኑ እሥራት የማያስቀጣ ከሆነ ወይም መፈጸሙ አጠራጣሪ ከሆነ መርማሪው በዋስ እንዲለቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህ የፖሊስ ዋስ በማደናቀፍ መዝገቦች ላይ ከሁሉ የሚገባ ቢሆንም ተበዳዩ ጣቢያው ራሱ ሲሆን ለመለቀቅ እጅ ያጥራል። ፍርድ ቤት ሲቀረብ ደግሞ ዋስትናን በመቃወም ዘወትር የሚሰማው «ምስክሮችን ያባብላል» የሚለው የአንቀጽ 67 ምክንያት ነው። ምስክሮቹ ሁሉ የፖሊስ አባላት በሆኑበት መዝገብ አንድ የባጃጅ ሾፌር እነርሱን በምን አቅሙ ያባብላል? ዳኞች ይህን ጥያቄ ለአመልካቹ መርማሪ ቢያቀርቡ ብዙ የ14 ቀን የምርመራ ቀጠሮዎች በዚያው ያልቁ ነበር።

መኮንኑ ራሱ ድንበር ሲያልፍ ሕጉ ዝም አላለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ መያዝንና ማሰርን፣ አንቀጽ 424 ደግሞ በያዙት ወይም በሚመረምሩት ሰው ላይ ማስፈራራትንና ጭካኔን ወንጀል አድርገዋል፤ ሁለቱም እስከ ጽኑ እሥራት ሊያደርሱ ይችላሉ። በተግባር ግን የማደናቀፍ ክስ የተመሠረተበት ሰው ስለደረሰበት ድብደባ ሲያመለክት አቤቱታው እንደ አጸፋ ይቆጠርና ወደ ጎን ይደረጋል። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል እንጂ አንዱ ሌላውን ሊውጠው አይገባም። አቤቱታውን ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፖሊስ የበላይ አካል፣ እንዲሁም በሐዋሳ ጽሕፈት ቤት ላለው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማቅረብ ይቻላል፤ ጠበቃ የማቆም አቅም የሌለው ሰው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ካሳን በተመለከተ በር የተከፈተው ለሁለቱም ወገን ነው። በወንጀል የተጎዳው መኮንን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የካሳ ጥያቄውን በዚያው በወንጀል መዝገብ ላይ ሊያቀርብ ይችላል፤ ለሕክምና ያወጣውን ከኪሱ ሸፍኖ ዝም ማለት የለበትም። ከሕግ ውጭ የታሰረ ወይም የተደበደበ ነዋሪም በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 መሠረት ጥፋቱ ከሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ መንግሥትን ጭምር በካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ መብት በአንቀጽ 2143 በመርሕ ደረጃ በ2 ዓመት ይርጋ የሚታገድ ሲሆን፣ ጊዜው የሚቆጠረው ካሳ የተጠየቀበት ጉዳት ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የወንጀል ክሱ እስኪያልቅ እየጠበቁ የሚቆዩ ሰዎች ይህን ቀን ከወዲሁ ሊያስሉት ይገባል።